ኮፈኑ ላይ የተሰመረው መስመር

ሐዋሳ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ወልደጻድቅ፤

እንደምን ከረሙ? ጂንካ እንዴት ይዞዎታል? ሜሮንና ልጆቿስ? እኔ ደህና ነኝ። ጋራዡም ደህና ነው፤ ዝናቡ ግን ግቢውን ጭቃ በጭቃ አድርጎት ከመኪና ሥር ስወጣ ሰው አልመስልም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳልጽፍልዎ በመቅረቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ለጥያቄዎ መልሱ አዎ ነው። የአንዷን መኪና ነገር ሆን ብዬ ነው የዘለልኩት። በአውቶቡሱ ሹፌር በዮሴፍ እጅ የላኩልዎ ደብዳቤ ሁሉ ስለ ሌላው ሲያወራ እንደሚነቁብኝ ማወቅ ነበረብኝ።

እንግዲህ ልናገር። የኑሪያ መኪና አልተስተካከለችም። እርስዎ ልጅዎ ሜሮን ዘንድ ሊሄዱ ሳምንት ሲቀርዎ ሁለታችን ተጋግዘን የካርቡራተሩን ሞተር አውርደን ቤንዚኑን በኮምፒዩተር የሚመጥን ኢንጀክሽን የጫንንባት፣ ያቺው ነጯ ዲኤክስ። እኔ ሽቦውን ከነኮምፒዩተሩ፣ እርስዎ የሞተሩን ማሰሪያና የማቀዝቀዣ ውኃውን መስመር። የተነሳች ጊዜ ድምፅዋን ባይሰሙም መዳፍዎን ኮፈኑ ላይ አድርገው «ነፍስ ዘርታለች» አሉኝ። ከጋራዡ ጀርባ ሄጄ ማልቀሴን ያኔ አልነገርኩዎትም።

አሁን ግን በአንድ ሊትር ሰባት ኪሎ ሜትር የምትሄደው በመከራ ነው። ያ ያረጀው ሞተር እንኳ አሥር ይሄድላት ነበር። ሚኒሞም አትይዝም፤ ቆማ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሳ አንዴ ትጮኻለች፣ አንዴ ልትጠፋ ትንዘፈዘፋለች። ካንዴላዎቹን ፈትቼ አየሁ፤ ጥላሸት ለብሰዋል። ጠርጌ መለስኳቸው፣ በሳምንቱ እንደገና ጠቆሩ። ደግ ነገር ቢኖራት አለመሞቋ ነው፤ የሙቀት ቀስቷ ከሥር ንቅንቅ አይልም። በዚያ በኩል እንኳ ሐሳብ የለብኝም።

ኑሪያን ያውቋታል፤ የሟቹ የሱልጣን ባለቤት። መኪናዋም የእሱ ናት፣ ሃያ ዓመት በእርስዎ እጅ ስትጠገን የኖረች። ኑሪያ ከመስከረም ጀምራ አምስት ተማሪዎችን ራሷ እየነዳች ልታመላልስ ከወላጆቻቸው ጋር ተስማምታለች። ትምህርት የሚጀመረው ሰኞ መስከረም 5 ነው። ቤንዚን በሰልፍ በሚገኝበት ጊዜ እንዲህ የምትበላ፣ አደባባይ ላይ ቀጥ የምትል መኪና ለዚህ አትሆንም። ሞተሩ ይቀየር ብዬ የወተወትኳት ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ቃል ገባሁላት። እስከዚያ ቀን ካላስተካከልኩ እሷ ልጆቹን ለሌላ ባለመኪና ታስረክባለች፤ እኔ ደግሞ «ኢንጀክሽን እንሠራለን» የሚለውን ታፔላ አወርዳለሁ።

ሰው ሁሉ የሚጠረጥረው የእኔን ሽቦ ነው። ኤሌክትሪሻኑ ሔኖክ «ሴት የቀጠለችው ሽቦ» ብሎ ሰው መሐል ሳቀብኝ። ይሳቅ። ሳላገኘው አልተወውም።

ልጅዎ ሩሐማ


ጂንካ፣ ሐምሌ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሐማ፤

ሰላምታሽ ደርሶኛል። ሜሮን ደህና ናት። ልጆቿ ጆሮዬ ሥር እየጮኹ ያወሩኛል፤ አልሰማም ብዬ ብነግራቸው ጭራሽ ይብስባቸዋል። እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ሥራ መፍታቴ ነው እንጂ። የሰፈሩ ሰው ደግ ነው፤ መኪናው ግን ጥቂት ነው፣ ያለውም አይበላሽም።

አይሆንም፤ ስልክ አልገዛም። አንቺና ሜሮን ተባብራችሁ አትምጡብኝ። አርባ ዓመት ሞተር ጆሮዬን ወሰደው፣ ዓይኔን ደግሞ ለዚያች ሚጢጢ መስታወት አልሰጥም። ወረቀት ይበቃኛል።

ታፔላውን አወርዳለሁ ያልሽው ግን አናዶኛል። ማን ፈቀደልሽ? የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ መሰላሉን ነው የያዝሽው። ሔኖክንም ተይው። እኔ ዘንድ ሲማር ሽቦ በጥርሱ የሚልጥ ልጅ ነበር። የአንቺን ሽቦ አንድ በአንድ በጣቴ ዳስሼዋለሁ፤ አልጠራጠረውም።

አሁን ወደ ሥራ። ከአየር ማጣሪያው እስከ ሞተሩ ያሉትን ቱቦዎች በሙሉ የሳሙና ውኃ እየቀባሽ ፈትሺ፤ አየር የሚሰርቅ ካለ ይለይልሻል። ጭሱን የምታሸተዋን ሴንሰር ለውጪ። ከዚያ ደግሞ ይህን አድርጊልኝ። ስትንዘፈዘፍ እንዴት እንደሆነ በጽሑፍ ልታሰሚኝ አትችዪም፤ ብትችዪም አልሰማም። ስለዚህ ሞተሩን አስነሺና ወረቀት ኮፈኑ ላይ ዘርጊ። እስክሪብቶውን ለቀቅ አድርገሽ ያዢ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብለሽ አስምሪ። አንዱን ከመንገድ እንደገባሽ፣ ሌላውን ብዙ ከቆመች በኋላ። መዳፌ እዚህ ጂንካ ነውና ወረቀቱ መዳፌ ይሁን።

ደህና ሞተር ላይ የተሰመረ መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። እንደዚያ ያለ መስመር የላክሽልኝ ቀን ስለ ታፔላው አብረን እናወራለን።

ወልደጻድቅ


ሐዋሳ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ወልደጻድቅ፤

እጄ የተንቀጠቀጠ እንዳይመስልዎ። ሰላምታዬን የምጽፍልዎ ኮፈኑ ላይ ነው፣ ሞተሯም እየሠራ ነው። እንደምን ሰነበቱ? ሜሮንስ? ይኸው «ሜ» እንኳ አልወጣልኝም፤ አሁን ወደ ጠረጴዛ እሄዳለሁ።

ተቀመጥኩ። የሥራ መፍታትዎን ነገር አንብቤያለሁ። ይህች መኪና ሥራ ትሁንዎ፤ ለሁለታችንም የምትበቃ ናት።

ሁለቱ መስመሮች ከሥር አሉ። የመጀመሪያዋን እስከ ከተማው መግቢያ እስከ ጥቁር ውኃ ደርሼ እንደተመለስኩ አሰመርኳት፤ እንደሚያዩት ዝናብ ያባረራት ጉንዳን ትመስላለች። ሁለተኛዋን ያሰመርኩት ማደያ ሰልፍ ላይ ነው፣ ሞተሩን ሳላጠፋ ሁለት ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ እየተሳብኩ ከቆየሁ በኋላ። ከኋላዬ ያለው ባለባጃጅ «እህቴ፣ ሰልፉን ነው የምትመዘግቢው?» አለኝና ሁሉም ሳቁ። መስመሯ ግን ተሻለች። በፊት የጠረጠርኩትን ሁሉ የሚያፈርስብኝ ይኸው ነው። መኪና ስትሮጥ እየተሻላት፣ ሰልፍ ላይ ስትቆም ነው የሚብስባት። ይህቺ ግን ተገላቢጦሽ ናት።

ስለ ቱቦዎቹ፦ አንድም አየር የሚሰርቅ የለም። በሳሙና ሦስት ጊዜ አጥቤያቸዋለሁ፤ ሞተሩ ከእኔ ይልቅ ንጹሕ ነው። የጭሱን ሴንሰርም ለወጥኩ፤ ለውጥ የለም።

አሁን ያልነካሁት የውኃውን መስመር ብቻ ነው። ከፍቼ ልየው? የእርስዎ ሥራ ስለሆነ ሳልጠይቅዎ አልነካውም።

ልጅዎ ሩሐማ


ጂንካ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሩሐማ፤

ደህና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ።

የውኃውን መስመር አትክፈቺው። በእጄ የዘጋሁት ነው፣ ምንም የለበትም። ሽቦሽን እንደገና እዪው። የቤንዚን ፓምፑንም ለኪ።

ስለ መስመሮቹ አሁን የምለው የለኝም። ሜሮን አሞሃል ወይ ትለኛለች። አላመመኝም።

ወልደጻድቅ


ሐዋሳ፣ ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ወልደጻድቅ፤

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። አላመመኝም ካሉ አምኜዎታለሁ፤ ደብዳቤዎ ግን አጠረብኝ። ያስቀየምኩዎት ነገር ካለ ይንገሩኝ።

እንዳዘዙኝ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈትቼ እንደገና ሠራሁት። አራት ቀን ፈጀብኝ። ፓምፑንም ለካሁ፣ ደህና ነው። መኪናዋ ግን ያው ናት።

ከዚያ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ሔኖክ ዘንድ ሄድኩና የኮምፒዩተር ማንበቢያውን ተዋስኩ። ጥቁር ውኃ ድረስ እየነዳሁ አነበብኩ። ውኃው አርባ ስምንት ዲግሪ ነው ይላል። ሔኖክ «የሙቀቱ ሴንሰር ሞቷል» አለኝ። በአዲስ ለወጥነው፤ አሁንም አርባ ስምንት። ደህና ሞተር ሰማንያ፣ ዘጠና ላይ መሆን ነበረበት። ቁጥሩን ብቻ ጽፌልዎታለሁ።

ኑሪያ ትናንት አምስቱን ልጆች ለማለማመድ ይዛቸው ወጥታ ነበር። ለትንሿ ልጅ ከፍ ብላ መንገዱን እንድታይ ትራስ ሰፍታላታለች። መናኸሪያው አጠገብ ጠፋችባት። ልጆቹ ወርደው እየተንጫጩ ገፏት። እነሱ ስቀዋል፤ ኑሪያ አልሳቀችም። ወደ እኔ መጥታ ቁልፉን አስቀምጣ በእግሯ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የከለከሉኝን አልነካሁም። ነገር ግን ጋሼ፣ የቀረኝ አሥራ አምስት ቀን ነው። መልስዎን እስከ ነሐሴ መጨረሻ እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ቃል የገባሁት ለኑሪያ መሆኑን ያስቡልኝ።

ልጅዎ ሩሐማ


ሐዋሳ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ወልደጻድቅ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት ዋዜማ በሰላም አደረሰዎ። ደብዳቤ አልመጣልኝም፤ መንገድ ይሆናል ብዬ ነው። ዮሴፍን በየቀኑ እየጠበቅሁ ሰውየው አሁን ሲያየኝ ከሩቅ ራሱን ይነቀንቅልኛል።

ደስ የሚል ወሬ አለኝ። ችግሩ ተገኘ። የአየር ቱቦ ነው፤ ከሥሩ በኩል ትንሽ ተሰንጥቆ ኖሯል፣ ሳላየው ቀርቼ ነው። ቀየርኩት፣ ተስተካከለች። እርስዎ የሠሩት ሁሉ እንዳለ ነው፤ እንከን የለበትም። ስለዚህ አይጨነቁ፤ ስለ ቁጥሩም የጻፍኩልዎን ይርሱት።

መስመሩን ሌላ ጊዜ አሰምሬ እልክልዎታለሁ። አሁን ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ልጅዎ ሩሐማ


ጂንካ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሐማ፤

የነሐሴ 25 ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አምስት ቀን ሆነኝ። አላስቀየምሽኝም። ያሳፈርኩሽ እኔ ነኝ፤ ይቅርታ የምጠይቀውም እኔ ነኝ።

የውኃውን መስመር ክፈቺው። ባዶ ነው። ቴርሞስታት የለውም። አንቺ የጫንሽው ሞተር ግን ሲመጣ ነበረው፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ አንቺ ሽቦ ላይ አጎንብሰሽ ሳለሽ።

ሁለቱን መስመሮች ያየሁ ለት ገባኝ። ከሳጥኔ ቱታዬን አወጣሁ። ኪሱ ውስጥ አሥር ቁጥር ቁልፍ፣ አንድ ብሎንና ያቺው ያወጣኋት ክብ ናስ ነበሩ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እያየኋት «አትክፈቺው» ብዬ ጻፍኩልሽ። ከፍተሽ ባዶውን እንድታዪ አልፈለግሁም። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ስህተቴን ሰው አግኝቶብኝ አያውቅም ብዬ የምኮራ ሰው ነኝ። በዚያ ኩራቴ የአንቺን አራት ቀን በላሁ። ኑሪያ በእግሯ ሄደች ያልሽውን ሳነብ ወረቀቱን አጥፌ ወጣሁ። ሱልጣን ይህቺን መኪና አምኖ የሚሰጠው ለእኔ ብቻ ነበር።

እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝና። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ በር የምትዘጋ ናት። እኔ ግን ጋራዤ የገባውን መኪና ሁሉ «ይህ ለበረዶ አገር ነው፣ እኛ አገር መኪና ከማፍላት በቀር ጥቅም የለውም» እያልኩ እያወጣሁ ጣልኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት። ካርቡራተሩ ዝም ብሎ ቻለኝ። ይህ ሞተር ግን ውኃውን ይጠይቃል፤ ሞቀሃል ወይ ይለዋል። ውኃው ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ምስኪኑ ኮምፒዩተር ቀኑን ሙሉ ጧት ነው ብሎ ያምናል፣ ቤንዚኑን እንደ ጧት ያፈስሰዋል፣ ሚኒሞውንም ይረብሻል። ሰልፍ ላይ የተሻላት ነፋስ ሳያገኛት ቆማ ስለሞቀች ነው። አንቺ አለመሞቋን እንደ ደግ ነገር የጻፍሽልኝም ከእኔ የተማርሽው ሆኖ ነው።

ከዚህ ጋር ቴርሞስታቷን በጨርቅ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። ዮሴፍ ቦምብ ነው እንዳይል ክፈቺና አሳዪው።

ዘጠኝ ደብዳቤም አለ። ለሔኖክ፣ ለአቤል፣ ለሌሎቹም፤ እኔ ዘንድ ተምረው ሐዋሳ ውስጥ ለሚሠሩት ሁሉ። ስሕተት አስተምሬሃለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንዳታወጣ፣ ያወጣኸውንም መልስ ብያቸዋለሁ። የዲላዎቹንና የሶዶዎቹን እየጻፍኩ ነው። እጄ ይደክማል እንጂ አልተውም። ዘጠኙን በየእጃቸው አድርሺልኝ፤ የሚስቅ ካለ ስሙን ጻፊልኝ።

ለኑሪያም ማን እንዳጠፋ ንገሪያት። በሽቦሽ ላይ እንዳታሳብቢልኝ።

አባትሽ ወልደጻድቅ


ሐዋሳ፣ ማክሰኞ መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሽ ወልደጻድቅ፤

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በጤና አሸጋገረዎ። ደብዳቤያችን ለካ መንገድ ላይ ተላልፏል። የእኔን ሲያነቡ ምን እንዳሉ መገመት አያቅተኝም፤ በሳሙና ሦስት ጊዜ ያጠብኩት ቱቦ እንዴት ተሰነጠቀ ብለው ይሆናል። ዋሽቻለሁ። ጳጉሜን 1 ጧት ከፈትኩት፣ ባዶውን አየሁት። ከመለዋወጫ ሱቅ ቴርሞስታት ገዝቼ አስገባሁ፤ ጥቁር ውኃ ደርሼ ስመለስ ማንበቢያው ሰማንያ ስድስት አለ። ከዚያ ቁጭ ብዬ የቱቦውን ታሪክ ፈጠርኩ። እርስዎ ማወቅ የለብዎትም ብዬ ነው።

አልተናደድኩም ብል ሁለተኛ መዋሸት ይሆንብኛል። ተናድጄ ነበር። «አትክፈቺው» የሚለውን ወረቀት ጨምድጄ ጣልኩት፣ መልሼም አነሳሁት። አሁን ግን ሁለታችንም አንዳንድ ውሸት ስላለብን እንተላለፍ።

የላኳት ቴርሞስታት ስትደርስ የገዛኋትን አውጥቼ እሷን መለስኩ። የራሷ ናትና እዚያው ትኑር። ካንዴላዎቹንም በአዲስ ለወጥኩ። አሁን በሊትር አሥራ ሦስት ትሄዳለች። ለኑሪያ እንዳሉኝ ነገርኳት። እሷም «ሱልጣንም ተሳሳትኩ የሚል ሰው ነበር የሚወደው፤ ጋሼን ሰላም በይልኝ» አለች። ታፔላው እንደተሰቀለ ነው፤ አቧራውን ጠርጌዋለሁ።

ዘጠኙንም ደብዳቤ አድርሻለሁ። አቤል አንብቦ ሲጨርስ ዓይኑን ጠረገ፤ ጭስ ነው አለኝ። የሚሠራ ሞተር ግን በአጠገቡ አልነበረም። ሔኖክ ቆሞ አነበበ፣ ደግሞ አነበበ፣ ከዚያ «እኔም ከስንት መኪና አውጥቻለሁ» አለ። ስሙን የምጽፍልዎ ግን ስቆ አይደለም። ከሱቅ የገዛኋትን ለእሱ ሰጠሁት፤ ወዲያው የራሱን መኪና ኮፈን ከፈተ። ስለ ሽቦዬ ምንም አላለም፤ አልጠበቅሁም። ማንበቢያውን ግን «አንቺ ዘንድ ይቀመጥ» ብሎኛል።

ትናንት ኑሪያ ልጆቹን በሰዓታቸው አደረሰች። ዛሬ ከሰዓት አብሬያት መጥቼ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እየጠበቅናቸው ነው። ግማሽ ሰዓት ሆነን፣ ሞተሩን አላጠፋነውም። ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው ቃል እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ኮፈኑ ላይ ነው። ፊደሌን ይዩት። ኑሪያ ወረቀቱን በሁለት እጇ ዘርግታ ይዛልኛለች፤ ደወሉ ሊደወል ነው፣ ቶሎ በይ እያለችኝ ነው።

ከዚህ በታች ያለችው መስመር የእርስዎ ናት። መዳፍዎን ያሳርፉባት። በማስመሪያ አላሰመርኳትም።

__________________________________

ልጅዎ ሩሐማ